የጥድ አምባ መጫኛ ያዥ

ወሰኔ ከገደሉ ሥር ባለ ቋጥኝ ላይ በጀርባው ተዘርሯል፤ የሚያነሣው ሰው ግን አላገኘም። ፀሐይ ከፍ ብላለች፤ አሞራም መዞር ጀምሯል። አምባው ላይ ያለው ሰው ሬሳውን ረስቶታል። ሁሉም በትልቁ ጥድ ዙሪያ ተሰብስቦ መጫኛ ያዡን ጫኔን ይሰድባል።

ጥድ አምባ በግሼ በኩል ያለ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ ተራራ ነው። ጣሊያን ሞላሌ ላይ ምሽግ ከሠራ ወዲህ የፊታውራሪ ኃይለ ኢየሱስ አርበኞች ከነሚስቶቻቸውና ከነቁስለኞቻቸው ሰፍረውበታል። የሚወጣው ሰው ከበሬ ቆዳ የተገመደ ረጅም መጫኛ በብብቱ ሥር ይታሰርለትና፣ ድንጋዩ ላይ የተፈለፈሉትን መርገጫዎች እየረገጠ ከላይ ይሳባል። ከአፋፉ ጥድ ሥር ቆሞ የሚስበው ጫኔ ነው። በአምባው ላይ ነፍሱን ለጫኔ እጅ ሳይሰጥ የወጣ ወይም የወረደ ሰው የለም።

ዕለቱ እሑድ ነበር። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ላይ ሳለ አንድ ጩኸት ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተሰማ። ሮጠው ሲደርሱ መጫኛው ከነወሰኔ ገደል ገብቷል። ጫኔ ከጥዱ ሥር በጎኑ ወድቆ፣ ማጅራቱ ደምቷል። የለበሰው የሱፍ ባና መጠጥ መጠጥ ይሸታል፤ አጠገቡም ቅል ወድቋል።

«ሰክሯል!» አለ አንዱ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር የጠየቀ አልነበረም።

ያ ቅል ለአምባው ሰው እንግዳ አይደለም። በመስከረም ጫኔ በሞተ ልጁ ተዝካር ላይ ጠጥቶ ወደ ሥራው በመጣ ጊዜ ፊታውራሪው ቂጡ የተቀደደ ቅል አንገቱ ላይ አንጠልጥለው፣ ፊቱን አመድ ቀብተው በአምባው ዙሪያ አስዙረውታል። «መጫኛ የያዘና ዘብ የቆመ ሰው ከጠጣ እንዲህ ይሆናል» ብለው ነበር። ቅሉ ከዚያ ወዲህ ለማስፈራሪያ ጥዱ ላይ ተሰቅሎ ኖሯል። አሁን እንደገና አንገቱ ላይ ገብቷል። ጫኔ ከግንዱ ጋር ታስሮ፣ ፊቱ አመድ ብቻ ሆኖ ቆሟል፤ ሴቶቹም በመስከረም የገጠሙበትን ግጥም መልሰው ያወርዱበታል።

«መጫኛ ያዥ ቢሉት ማሰሮ ያዘና፣
ሰው ያወጣል ስንል ራሱ ወደቀና።»

ሚስቱ ዘነበች ከዚያ መሐል ወጥታ ወደ ወይዘሮ አመተሥላሴ ጎጆ ሮጠች።

ወይዘሮ አመተሥላሴ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ቅዳሴ አልሄዱም ነበር። ባላቸው ከሞተ በኋላ የአባታቸውን ርስት ከመንዝ ዳኛ እስከ አዲስ አበባ ችሎት ብቻቸውን ተሟግተው ያስመለሱ ሴት ናቸው። ጥያቄያቸውን ሐሰተኛ ምስክር ይፈራው ነበር፤ ዳኛም ቢሆን አይወደውም።

«እሜቴ፣ ጫኔን ሊጥሉት ነው! ፊታውራሪ ፈረዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሰኔ በወደቀበት ይውደቅ አሉ።»

«ጠጥቷል?»

«በፍጹም አልጠጣም!»

«አንቺ ሚስቱ ነሽ፤ ያንቺ ቃል አይቆጠርለትም። ሲጠጣ ያየው ማን ነው?»

ዘነበች እንባዋን ጠረገች። «ማንም።»

«ማንም?» ወይዘሮ አመተሥላሴ ምርኩዛቸውን ሳቡ። «ታዲያ ምን ያስጮኻቸዋል?»

ጥዱ ዘንድ ሲደርሱ አንድ ጎረምሳ የጫኔ ፊት ላይ ሊተፋ ምራቁን አጠራቅሞ ነበር።

«በሕግ አምላክ!» አሉ።

ጎረምሳው ምራቁን ዋጠው። ፊታውራሪ ኃይለ ኢየሱስ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነሡ።

«እሜቴ፣ ይህ የጦር ፍርድ ነው። የርስት ሙግት አይደለም።»

«የርስት ሙግት ቢሆን ኖሮ ሦስት ዓመት ትከራከሩበት ነበር። የሰው ነፍስ ስለሆነ ነው ቅዳሴ ሳይወጣ የፈረዳችሁት?»

«ወሰኔ ሞቷል። ወንድሜ እንኳ ቢሆን...»

«ወሰኔማ ሞቷል። ገና አላነሣችሁትም! ስትሰድቡ ጊዜ አጣችሁ።» ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «አፈርሳታ ይቀመጥ። እስከ ማታ እጠይቃለሁ፤ ማታ ሁላችሁ ፊት እናገራለሁ። ከተሳሳትኩ ከእሱ ጋር ጣሉኝ።»

ፊታውራሪው ዙሪያቸውን አዩ። ወንጀለኛው እስኪለይ ሕዝቡ ሁሉ የሚጠየቅበት አፈርሳታ ከተጠራ፣ እሱን ትቶ መፍረድ በአገሩ ነውር ነው። «እስከ ማታ» አሉ በቁጣ።

ወይዘሮ አመተሥላሴ ወደ ጫኔ ተጠጉ። ደሙ ማጅራቱ ላይ ነው፤ ደረቱ ላይ ግን ንቦች ሰፍረዋል። በእጃቸው አባረሯቸውና የባናውን ሱፍ ዳሰሱት። ጸጉሩ እንደ ሙጫ ተጣብቋል። ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ አደረጉ፤ ፊታቸውን አጨማድደው ተፉት።

«አፍህን ክፈት።»

ጫኔ ከፈተ። አሸተቱት። ቅዳሴ እስኪወጣ እህልም ውኃም ያልቀመሰ ሰው አፍ ነበር።

ከዚያ ቅሉን ካንገቱ አውልቀው ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ውስጡን አዩ። ከጥዱ ግንድ ጎን የተተከለውን ካስማም ጎንበስ ብለው መረመሩ፤ የመጫኛው ጫፍ ዘወትር የሚታሰረው በሱ ላይ ነው። ከዚያ ሌላውን ሰው ገለል እንዲል አዝዘው ከጫኔ አጠገብ ተቀመጡ።

«ወሰኔ ከታች ሆኖ ምን አለህ?»

«ጮክ ብሎ፣ ‹ጫኔ ቶሎ ሳበኝ፤ ሰውየውን አውቄዋለሁ› አለኝ።»

ስለ የትኛው ሰውዬ እንደሚያወራ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ባለፈው ወር የፊታውራሪው ሰዎች አድፍጠው ሳለ ጣሊያን አስቀድሞ አውቆ ከበባቸው፤ ብዙ ልጆች አለቁ። ወሰኔ ሞላሌ የተላከው ማን እንደሸጣቸው ሊያጣራ ነበር።

«ከዚያስ?»

«ግማሽ ላይ ሲደርስ ከኋላዬ አንድ ነገር መታኝ። ሌላ አላውቅም።»

«ይህን ለምን አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው፣ እሜቴ። ሳቁብኝ።» ጫኔ አመድ የሞላውን ዓይኑን ጨፈነ። «በመስከረም ጠጥቻለሁ፤ አልዋሽም። ዛሬ ግን አልጠጣሁም። የመስከረሙ እውነት የዛሬውን በላብኝ።»

«ሰሞኑን ማን ወርዶ ወጣ?»

«ከወሰኔ ሌላ ሦስት ሰው። ገበያነሽ ጨው ልትገዛ፣ ዓምደሚካኤል ገብስ ሊያመጣ፣ አፈወርቅ ዘመሮ ያሉ እናቱን ሊጠይቅ።»

«ዕቃቸውስ?»

«በትንሹ መጫኛ ለብቻው ይወጣል። የፊታውራሪ ትእዛዝ ስለሆነ ፈትሼ ነው የምሰጠው። መጠጥ አልነበረበትም።»

«ሰዎቹ ሲታሰሩ ያስቸገረህ አለ?»

«አፈወርቅ ብቻ። ትናንት ሲወጣ ‹ቀኝ ብብቴ ሥር ብጉንጅ አብጦብኛል› ብሎ መጫኛውን ወገቡ ላይ አሰረው። ከላይ ሆኜ ጮኽኩበት፤ ወገቡ ላይ የታሰረ ሰው ይገለበጣል። አልሰማኝም።»

ወይዘሮ አመተሥላሴ ተነሥተው ሄዱ።

ገበያነሽ ዋሻው ውስጥ የቁስለኛ እግር እያጠበች ነበር። በሰላሙ ጊዜ በአገሩ የታወቀች ጠላ ጠማቂ ነበረች።

«እኔ ነኝ ያጠጣሁት ልባል ነው?» አለች ቀና ሳትል።

«ጠላ አለሽ?»

«ጠላ! ከመስከረሙ ተዝካር ወዲህ ጌሾ አላየሁም እኮ፣ እሜቴ። ጌሾ የሚመጣልን ከመርሐቤቴ ቆላ ነበር፤ ጣሊያን መንገዱን ከዘጋ ወዲህ ጋኔ የሸረሪት ቤት ሆኗል። አረቄማ ቢኖረኝ የዚህን ልጅ ቁስል አጥብበት ነበር፤ ይኸው በጨው ውኃ አቃጥለዋለሁ።»

«እማማ ገበያነሽ ጠላዋን ብትሰጠኝ እግሬን ራሷ ትቁረጠው» አለ ቁስለኛው እየሳቀ።

«ዝም በል አንተ!»

«ታዲያ ጠዋት ‹ሰክሯል› ሲባል፣ ‹ከየት አምጥቶ?› አላልሽም?» አሉ ወይዘሮ አመተሥላሴ።

ገበያነሽ ጨርቁን መጭመቅ አቆመች። «እኔም ጮኽያለሁ፣ እሜቴ» አለች። «ከፊት ሆኜ ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ ያን ግጥም።»

ዓምደሚካኤል ከጎጆው ደጅ ጠመንጃውን ይወለውል ነበር። የጫኔን ሥራ ይመኘዋል፤ በመስከረምም ያሳበቀበት እሱ ነበር። ዛሬ ደግሞ ወደ ጥዱ ቀድሞ ደርሶ «ሰክሯል» ያለው እሱ ነው።

«ከማንም ቀድመህ እንዴት ደረስክ?»

«ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም፤ ንጹሕ አልነበርኩም። ከቅጥሩ ውጭ ሆኜ ነበር የማስቀድሰው። ያየኝ ሞልቷል።»

«ያየህ ይኑር። የመጫኛው ጫፍ ከካስማው ተበጥሶ ነው ወይስ ተፈትቶ?»

መወልወሉን ተወ። «ተፈትቶ» አለ በመጨረሻ።

«ሳቢው ሲወድቅ ቋጠሮው ራሱን ይፈታል?»

«አይፈታም። ለዚያ እኮ ነው የሚታሰረው። ሳቢው ቢተኛም ቢሞትም የተንጠለጠለው ሰው እዚያው ይቀራል።»

«ይህን መቼ ነው ያሰብከው?»

«አሁን፤ ሲጠይቁኝ።»

«ጠዋት ዓይንህ የት ነበር?»

«አፍንጫዬን ተከተልኩ፣ እሜቴ» አለ ዓምደሚካኤል፤ ጆሮው ቀላ።

አፈወርቅን ጎጇቸው ድረስ አስጠሩት። የፊታውራሪው ጸሐፊ ነው፤ ጨዋና ሰው አክባሪ። ጠመንጃውን በቀኝ ትከሻው አንግቶ እጅ ነሥቶ ገባ።

«ስልቻዬን ከማገሩ ላይ አውርድልኝ ልጄ፤ ጉልበቴ አላስነሣኝ አለ።»

አፈወርቅ ቀኝ እጁን ዘርግቶ በእግሩ ጣት ቆሞ ስልቻውን አወረደላቸው።

«ተባረክ። እናትህ ደኅና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ከኋላ፣ ዝንጀሮ እንጂ ሰው በማይወጣው የዝንጀሮ መንገድ ላይ ዘብ ነበርኩ። ብቻዬን።»

«ጫኔስ? ምን ትላለህ?»

«አዝንለታለሁ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መጠጥ ግን ክፉ ልማድ ነው፣ እሜቴ። አንዴ የሰከረ ሁልጊዜ ይሰክራል።»

«እንዲህ ይባላል» አሉ ወይዘሮ አመተሥላሴ፤ ስልቻውን ሳይከፍቱት ወደ ጎን አኖሩት።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ሰው ሁሉ ጥዱ ሥር ተቀመጠ። ካህኑ መምሬ ሀብተ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው መጡ፤ ፊታውራሪውም ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ። ጫኔ እንደታሰረ ነው። ወይዘሮ አመተሥላሴ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከመሐል ቆሙ።

«ተጠየቁ!» አሉ።

«እንጠየቃለን» አለ ሰው ሁሉ።

«ይህ ቅል ነው የሰከረበት?» ቅሉን አነሡት።

«ነው!»

«ውኃ አምጡ።»

ዘነበች በቅምጫና ውኃ አምጥታ ቅሉ ውስጥ አፈሰሰች። ውኃው በቂጡ ወርዶ መሬት ላይ ፈሰሰ።

«ፊታውራሪ ራሳቸው የቀደዱት ቅል ነው፤ ሁላችሁ ቆማችሁ አይታችኋል። ከዚህ የሚጠጣ ሰው አለ? ከመስከረም ወዲህ የተሰቀለው ማስፈራሪያ ዛሬ መሬት ላይ ሲገኝ፣ ‹ማን አወረደው?› ያለ ሰው አለ? የለም። ቅል አያችሁና ስካሩን ራሳችሁ ጨመራችሁበት።»

ቅሉን አስቀምጠው ወደ ካስማው አመለከቱ።

«ሁለተኛ፤ የመጫኛው ጫፍ ከካስማው ተፈትቷል። ዓምደሚካኤል ይመስክር።»

«ተፈትቷል» አለ ዓምደሚካኤል ተነሥቶ። «በእጅ ነው የተፈታው።»

«ሰካራም ይወድቃል እንጂ ወድቆ መጫኛ አይፈታም። ጫኔ ቢወድቅ ኖሮ ወሰኔ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ እናገኘው ነበር፤ በሕይወት! እንግዲህ ጫኔን የመታው ሰው ቋጠሮውን ፈትቶ ወሰኔን ለቀቀው። ለምን ቢባል፣ ወሰኔ ከታች ‹ሰውየውን አውቄዋለሁ› ብሎ ጮኸ። ያ ሰውዬም ሰማው።»

ከሴቶቹ መካከል አንዷ ማልቀስ ጀመረች።

«አታልቅሺ፤ ስሚ! ሦስተኛው የሚያሳፍራችሁ ነው። ሁላችሁ ‹መጠጥ ሸተተ› አላችሁ። አንዳችሁ ‹የምን መጠጥ?› አላላችሁም። ከመስከረሙ ተዝካር ወዲህ አምባው ላይ ጌሾ የለም፤ ጌሾ ከሌለ ጠላም ጠጅም አረቄም የለም። አፉን ያሸተተውስ ማን ነው? እኔ ብቻ! ሁላችሁ ያሸተታችሁት ባናውን ነው። ገበያነሽ፣ ነዪ ቅመሺው።»

ገበያነሽ ከደረቱ ሱፍ በጣቷ ቀመሰች። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ምንድን ነው?»

«አረቄ ያቃጥላል እንጂ አይጣፍጥም፤ ጠጅም ይጣፍጣል እንጂ እንዲህ አያቃጥልም። ይህ ሁለቱንም ያደርጋል፤ እንደ ስኳር ይጣበቃል።» አንገቷን አቀረቀረች። «ይህ የእኛ አይደለም፣ እሜቴ። የጣሊያን ነው።»

«የጣሊያን ነው። ሰሞኑን ወርደው የወጡት ሦስት ናቸው፤ የሦስቱም ዕቃ ተፈትሿል። እንግዲያው መጠጡ የወጣው በሰውነት ተሸሽጎ ነው። በብብቱ ሥር የሚታሰር ሰው ደረቱ ላይ ጠርሙስ መሸሸግ አይችልም፤ መጫኛው ይሰብርበታል። ገበያነሽና ዓምደሚካኤል በብብታቸው ታስረው ወጡ። አንዱ ግን ቀኝ ብብቴን ብጉንጅ ይዞኛል ብሎ ወገቡ ላይ ታሰረ፤ ያም ትናንት ነው።» ዞሩ። «አፈወርቅ፤ ዛሬ በዚያው ጎን ጠመንጃ አንግተህ፣ በዚያው እጅህ ስልቻዬን ከማገር አወረድክልኝ። ሸሚዝህን አውልቅ፤ ብጉንጅህን ይዩልህ።»

አፈወርቅ ተነሣ። ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ድኗል፣ እሜቴ።»

«በአንድ ሌሊት? ጠባሳውን አሳየና!»

ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ዓምደሚካኤል ከጀርባው ቆሞ ነበር፤ ጠመንጃውን ነጠቀው፣ ሸሚዙንም ከትከሻው ገፈፈው። ብብቱ እንደ ሕፃን ገላ ንጹሕ ነበር።

«እናቴን አስረውብኛል!» ብሎ ጮኸ አፈወርቅ። «ዘመሮ ላይ አስረዋታል! ምን አድርግ ነው የምትሉኝ?» ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ ጥላቻ ገባበት። «ደግሞ ምን ትፈርዱብኛላችሁ? ወሰኔ ሲመለስ ልደርስበት ጠርሙሱን ይዤ ጠበቅሁ። ጫኔን አንድ ጊዜ መታሁት፣ መጠጡን አፈሰስኩበት፣ ቅሉን አጠገቡ ጣልኩ። በቃ! የቀረውን እናንተ ጨረሳችሁልኝ። አመድ ያመጣሁት እኔ ነኝ? ግጥሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ?»

የጠዋቱ ጎረምሳ ሁለት እጁን አመድ ሞልቶ ተነሣ። ሌሎችም ተከተሉት።

«አመዱን አስቀምጡ!» አሉ ወይዘሮ አመተሥላሴ። ቀኑን ሙሉ እንዲህ አልጮኹም ነበር። «ገና ከእጃችሁ ሳይለቅ ሌላ ፊት ፈለጋችሁለት? ፍርድ አለ፤ ፍርዱ ይበቃዋል። ጠይቁት ይልቅ፤ ለጣሊያን ሌላ ምን ሸጠ?»

አፈወርቅ መሬት መሬት አየ። «የዝንጀሮ መንገዱን አሳየኋቸው። ነገ ጎሕ ሲቀድ በገመድ ይወጡበታል።»

ጉባኤው ተተራመሰ። በኋላ በኩል ጣሊያን ከመጣ መውጫው የፊቱ ገደል ብቻ ነው፤ ትልቁ መጫኛ ደግሞ ከወሰኔ ጋር ወድቆ ቋጥኝ በጣጥሶታል። የቀረው ዕቃ የሚወጣበት ትንሹ ነው። በዚያ ቀጭን ቆዳ ቁስለኛን፣ ነፍሰ ጡርንና ሽማግሌን ሳይጥል ማውረድ የሚችል አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ግንዱ ላይ ታስሮ ነበር።

ፊታውራሪ ኃይለ ኢየሱስ ማሰሪያውን በገዛ ጩቤያቸው ቆረጡ። ከዚያ ይቀመጡበት የነበረውን ድንጋይ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ ተሸከሙና ጫኔ ፊት ተንበረከኩ። ገበያነሽ ድንጋይ አነሣች። ዓምደሚካኤልም፣ ያ ጎረምሳም፣ ሰዉም ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ ጎነበሰ። መምሬ ሀብተ ማርያም መስቀላቸውን ይዘው «ይቅር ለእግዚአብሔር በለን፣ ልጄ» አሉ።

ጫኔ የታሰረበትን እጁን እያሻሸ አያቸው። ዘነበች ከጎኑ ቆማ «አትበል» አለችው በሹክሹክታ። «ዛሬ አትበል።»

«አልልም» አለ ጫኔ። «ድንጋዩን አውርዱ፤ ይቅር ብያችሁ ግን አይደለም። ፀሐይዋ እየሄደች ነው። ቁስለኞቹን አምጡ፤ ቀድሞ የሚወርደው ወሰኔን ይሸፍነው።»

ማውረድ ተጀመረ። እያንዳንዱ ሰው ተራው ሲደርስ እጁን ከፍ አድርጎ ጫኔ ፊት ይቆማል፤ ጫኔም አመድ በተቀባው ፊቱ ተጠግቶ መጫኛውን በብብቱ ሥር ያስርለታል፣ ቋጠሮውን ይፈትሻል፣ ያወርደዋል። ዓይኑን ያየው ሰው አልነበረም። ገበያነሽ ስትታሰር «ጫኔ...» ብላ ጀመረች። «እግርሽን ከድንጋዩ አታንሺ» አላት። አፈወርቅንም እጁ እንደታሰረ በወግ አወረደው።

ወይዘሮ አመተሥላሴና ዘነበች ከወረዱ በኋላ አፋፉ ላይ ጫኔና ፊታውራሪው ብቻ ቀሩ። ጫኔ መጫኛውን ግንዱ ላይ ደርቦ ብቻውን መውረድ ያውቅበታል፤ ስለዚህ ተራው የፊታውራሪው ነበር።

«የመስከረሙ ፍርዴ ትክክል ነበር» አሉ ፊታውራሪው እጃቸውን ከፍ አድርገው። «ጠጥተህ ነበር።»

«ነበር።»

«ታዲያ የዛሬው...»

«የዛሬው የመስከረሙ ልጅ ነው፣ ፊታውራሪ። አስተምራለሁ ብለው አዋረዱኝ፤ ሰዉ ከትምህርቱ ይልቅ ውርደቱን ወደደው።»

ፊታውራሪው ቁልቁል ገደሉን አዩ፣ ቀጭኑን ቆዳ አዩ፣ ቀና ብለው ደግሞ የጫኔን እጅ አዩ።

ጫኔ ቋጠሮውን አጥብቆ፣ በሁለት እጁ ስቦ ፈተነው።

«እኔ ሰው አልጥልም» አላቸው። «ይውረዱ።»